«እንዴት አወቅክ?»፦ ተማሪን በማስረጃ መከራከር ስለማስተማር

ጎንደር ውስጥ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አስቁሙና «የፋሲልን ግንብ ማን ሠራው?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱ «አፄ ፋሲል» ይላል። ሌላው «ፖርቹጋሎች»፣ ሦስተኛው «ህንዶች» ይላል። ሁሉም አፋቸውን ሞልተው ነው የሚመልሱት። «እንዴት አወቅክ?» ስትሉት ግን ነገሩ ይቀየራል። «መጽሐፉ ላይ አለ»፣ «አስጎብኚ ሲያወራ ሰምቼ»፣ «ቲክቶክ ላይ አይቼ»፣ ሲጨንቀው ደግሞ «ይሄ እኮ የታወቀ ነው!» ይላችኋል። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው።

ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ፊደል ከቆጠሩበት ቀን ጀምሮ የምንጠይቃቸው መልሱን እንጂ መልሱ ከየት እንደመጣ አይደለም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪውም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውም ምርጫ ነው። ትክክለኛዋን ፊደል ያጠቆረ ያልፋል፤ ለምን እንዳጠቆራት የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ስልኩን ከፍቶ ሰዎች ስለ አገሩ ታሪክ ሲሰዳደቡ ሲያይ፣ የትኛው ወሬ እንደሚያስኬድ የሚለይበት ዘዴ የለውም። ያለው የሚወደውን መምረጥ ብቻ ነው። እኔ ኅብረተሰብ ትምህርት የማስተምር ሰው ነኝና ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ስለዚህ በማስረጃ መከራከር ምን ማለት እንደሆነ፣ ክፍል ውስጥስ እንዴት እንደሚሠራ ቀለል አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንነጋገር። በእኛ አካባቢ «እንዴት አወቅክ?» የሚለው ጥያቄ ጆሮ ላይ እንደ ንቀት ነው የሚያርፈው። ለታላቅ ሰው ከሆነማ ነውር ነው። ልጆች ይህን ከቤት ይዘውት ይመጣሉ፤ ጓደኛቸው ሲጠይቃቸው ይቆጣሉ፣ መምህራቸውን መጠየቅማ አይታሰብም። ስለዚህ ጥያቄውን ከመምህሩ መጀመር ያስፈልጋል። «ዛሬ እኔ የምናገረውን እያንዳንዱን ነገር በምን እንዳወቅሁት ጠይቁኝ» ብላችሁ ክፍለ ጊዜውን ጀምሩ። መጀመሪያ ይሳሳቃሉ። ከዚያ አንዷ ደፈር ትልና «መምህር፣ ይሄንን በምን አወቁት?» ትላለች። መልሱላት። አላውቀውም ማለት ካለባችሁም «ፈልጌ እነግርሻለሁ» በሉ። ልጆቹ ጥያቄው ሰውን ሳይሆን ሐሳቡን የሚነካ መሆኑን የሚረዱት ሲያዩት ነው፤ ስለነገርናቸው ብቻ አይገባቸውም።

አሁን ወደ ነገሩ። በማስረጃ የተደገፈ ክርክር ሦስት ነገር ይፈልጋል። አቋም አለ፣ ማለትም «እኔ የምለው ይህን ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር። ማስረጃ አለ፣ ማለትም ሌላ ሰውም ሄዶ ሊያየው ወይም ሊያነበው የሚችለው ነገር። ሦስተኛው ሁሉም የሚዘለው ነው፦ ያ ማስረጃ ለምን ያንን አቋም እንደሚደግፍ ማስረዳት። እኔ ማያያዣ እለዋለሁ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቴፈን ቱልሚን በ1958 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የክርክርን ክፍሎች ስድስት አድርጎ ዘርዝሯቸዋል። ለስምንተኛ ክፍል ግን ሦስቱ በደንብ ይበቃሉ።

የቦታ ክርክር ላይ ፍርድ ቤት ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ከሳሽ «ቦታው የኔ ነው» ይላል፤ አቋም ነው። ካርታ ያወጣል፤ ማስረጃ ነው። ዳኛው ግን ወረቀት ስላየ ብቻ አይፈርድለትም። ካርታው ላይ ያለው ቦታ አሁን የምንከራከርበት ቦታ ስለመሆኑ፣ አዋሳኞቹ አንድ ስለመሆናቸው አስረዳኝ ይለዋል። ተማሪዎቻችን ካርታውን አውጥተው ቁጭ ይላሉ። «ፓኤዝ የሚባል ሚስዮናዊ ነበር፤ ስለዚህ ግንቡን ፖርቹጋሎች ሠሩት» ብለው ነጥብ ያደርጋሉ። ማስረጃ ጠቅሰዋል፤ ግን ማስረጃ መጥቀስና በማስረጃ መደገፍ ለየቅል ናቸው።

እስቲ ይህንኑ የግንቡን ጥያቄ እንደ ትምህርት እንሥራው። ጎንደር ላለ መምህር ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የት ይገኛል? ልጆቹ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋሉ፣ ሁሉም የሆነ ነገር ሰምተዋል፣ የሰሙት ደግሞ አይገጥምም። ሰሌዳ ላይ «የፋሲልን ግንብ ፖርቹጋሎች ሠሩት ማለት ይቻላል?» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ጥቂት መረጃዎችን አስፍሩ። ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጎርጎራ ሕንጻ አሠርቷል፤ የሞተው በ1622 ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጎርጎራና በደንቀዝ በኖራ መገንባት ነበር። አፄ ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲልም የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያኑን በቀጣዮቹ ዓመታት ከአገር አስወጡ። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 አካባቢ ነው። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የመጣው መልእክተኛ ሐሰን አል ሀይሚ የንጉሡን ቤት አይቶ፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ትልቅ ሕንጻ መሆኑንና ግንበኛው ህንዳዊ እንደነበረ ጽፏል።

አሁን ዝም በሉና ልጆቹን ተዉአቸው።

«ፓኤዝ ነው የሠራው» የሚለው ቶሎ ይወድቃል። ሰውየው ከተማዋ ከመቆርቆሯ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ቀድሞ ሞቷል። ይህን ለማወቅ መቀነስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። (ፓኤዝ ራሱ ትውልዱ ስፔናዊ እንደሆነ ስትነግሯቸው ደግሞ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።) ከዚያ ጎበዝ የሆነ ልጅ ይነሳና «ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ በኋላ ስለተሠራ ፖርቹጋሎች አልሠሩትም» ይላል። ሁሉም ያጨበጭባል። መምህሩም ደስ ይለዋል፣ ደወሉም ሊደወል ነው፣ እዚህ ላይ መቆም በጣም ያጓጓል።

አትቁሙ። ማያያዣውን ጠይቁት። ኢየሱሳውያን ሁሉ ፖርቹጋሎች ነበሩ? ፖርቹጋሎች ሁሉስ ኢየሱሳውያን ነበሩ? በ1541 ከክርስቶቫዎ ዳ ጋማ ጋር አራት መቶ የፖርቹጋል ወታደሮች መጥተው ነበር፤ የተረፉት ብዙዎቹ አገር ውስጥ ቀርተው ተጋብተዋል፣ ወልደዋል። ሚስዮናውያኑ ተባረሩ ማለት የእነዚህ ሰዎች ዘሮች ሁሉ በአንድ ቀን ጠፉ ማለት አይደለም። የልጁ ማስረጃ እውነት ነው። ከማስረጃው ወደ አቋሙ የዘለለበት መንገድ ግን ቀዳዳ አለው። አቋሙን መተው የለበትም፤ መጠኑን ማስተካከል ነው ያለበት፦ «ሥራውን ሚስዮናውያኑ መርተውታል ማለት አይቻልም»። ይህቺን ዓረፍተ ነገር አንድ ልጅ በራሱ ካገኛት ክፍለ ጊዜው አልባከነም።

የአል ሀይሚን ጽሑፍም እንዲሁ አታሳልፏት። ሰውየው ጎንደር የደረሰው ከተማዋ ከተቆረቆረች ከአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ቤቱን በዓይኑ አይቷል። ግንበኛው ድንጋይ ሲደረድር ግን አላየም፤ ከሰው ሰምቶ መሆን አለበት። ታዲያ እንመነው? እኔ ጠንካራ ምስክር ነው ባይ ነኝ። ለዘመኑ ቅርብ ነው፣ ከየመን የመጣ ሰው ህንዶችን አጉል የሚያሞግስበት ምክንያት አይታየኝም፣ በአገራችን የሚነገረው ትውፊትም ህንዳዊ ግንበኛ ነበር ይላል። ያም ሆኖ «ግንበኛው ህንዳዊ ነበር» ከሚለው ተነስቶ «ግንቡ የህንድ ነው» ማለት ሌላ ዝላይ ነው። ያዘዘው ማን ነው? ያቀደው ማን ነው? ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ የተሸከመው ማን ነው? ልጆቹ እዚህ ሲደርሱ ጥያቄው ራሱ ብዙ ጥያቄ እንደነበር ይገባቸዋል። ከተማሪ የምጠብቀው ጥሩ መልስ እንዲህ ያለ ነው፦ «ያሠሩት አፄ ፋሲል ናቸው። ዋናው ግንበኛ ህንዳዊ እንደነበረ በ1648 የመጣ መልእክተኛ ጽፏል። በኖራ መገንባት ከእሳቸው በፊትም በአባታቸው ዘመን በጎርጎራና በደንቀዝ ስለነበረ፣ የኢየሱሳውያኑ ዘመን ሙያ ተጽዕኖ ሳይኖረው አይቀርም። የጉልበት ሥራውን የአካባቢው ሰው እንደሠራው መገመት ይቻላል፤ ሰሌዳው ላይ ግን ይህን የሚያሳይ ማስረጃ የለም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እዩልኝ። ያወቀውንና የገመተውን ለይቶ አስቀመጠ። ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት።

ጉዳዩን ከፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ የጉዛራን ግንብ አምጡ። እንፍራዝ አካባቢ ያለው ይህ ግንብ በተለምዶ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ እሳቸው የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 ነው። እንደዚያ ከሆነ ከፓኤዝ መምጣት በፊት እዚሁ አገር ግንብ ነበር ማለት ነው፣ ትልቅ ማስረጃ ነው! ችግሩ የጉዛራ ዕድሜ ራሱ ባለሙያዎችን ያከራክራል። ስለዚህ ማስረጃውም ማስረጃ ይፈልጋል። የፋሲል ግንብ ግቢ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ማየትም ቢሆን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ጊዜ ግቢውን ለራሱ መሥሪያ ቤት አድርጎት ነበር፣ ጥገናም በሲሚንቶ አድርጓል፣ ከዚያ በኋላም ሌላ ጥገና ተደርጎለታል። «ይሄው ግድግዳው!» ከማለታችን በፊት ያ የግድግዳው ክፍል የመቼ እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ልብ ካላችሁ እስካሁን ስንጠይቅ የነበረው ጥያቄ ያው ነው፦ ማን ተናገረው፣ መቼ፣ ለማን፣ ሌላስ ማን ይስማማበታል? ሳም ዋይንበርግ የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ በ1991 ባወጣው ጥናት የታሪክ ባለሙያዎችንና ጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ስለ አሜሪካ አብዮት መጀመሪያ ውጊያ የሚናገሩ ሰነዶችን አስነብቦ ነበር። ባለሙያዎቹ ጽሑፉን ከማንበባቸው በፊት ዓይናቸው የሚሄደው ጸሐፊው ማን እንደሆነ ወደሚለው ነው። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እስከ መጨረሻው ያነባሉ፤ ጸሐፊው ማንም ይሁን ማን ለውጥ አያመጣባቸውም። ጎበዞቹ ናቸው እንግዲህ እንዲህ ያደረጉት! የኛዎቹም ከዚህ የተለዩ አይደሉም፤ ግን ይሄ የሚለመድ ነገር ነው።

እዚሁ የሚለማመዱበት ጥሩ ምሳሌ ሞልቷል። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የተጻፈው በቤተ መንግሥት ሰው ነው፤ ንጉሡ መቼ የት እንደዘመቱ ለማወቅ ይጠቅማል፣ ገበሬው ዘመቻው ሲያልፍበት ምን እንደተሰማው ግን ከዚያ አታገኙም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ፣ በ1771 ወጣ፣ መጽሐፉን ያሳተመው ግን በ1790 ነው። በመሀል ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው። ይሄ ሁሉ «አትመኑት» ለማለት አይደለም። አንድ ምንጭ ለአንዱ ጥያቄ ጠንካራ፣ ለሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል ለማለት ነው። ልጆች ይህን እስኪለምዱ ወይ ሁሉን ያምናሉ ወይ ሁሉን ይክዳሉ። ሁለተኛው ደግሞ ብልህነት ይመስላቸዋልና እሱን ቶሎ ማረም ያስፈልጋል።

አንድ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ፤ ትውፊት። በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ወርረው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። እንዴት? ንብ ወጥታ አባረረቻቸው ይባላል። ይህን ነገር አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያነሳው «ማስረጃህ የታለ?» ብላችሁ ካሸማቀቃችሁት ልጁንም፣ ቤተሰቡንም፣ ትምህርቱንም አጣችሁ። እኔ የማደርገው ማስረጃው ምን ምን እንደሚያሳይ መለየት ነው። ወረራው መድረሱ ተጽፎ የሚገኝ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ መትረፉን ሄዶ ማየት ይቻላል። የንቧ ነገር ሕዝቡ መትረፉን እንዴት እንደተረዳውና እንዴት ለልጆቹ እንዳቆየው ያሳያል፤ ለዚህ ትውፊቱ ራሱ አንደኛ ማስረጃ ነው። ተማሪው «እንዲህ ተብሎ ሲነገር ኖሯል» ብሎ ከጻፈ ትክክል ጽፏል። እምነቱን አልካደም፣ ማስረጃውንም ያለ አቅሙ አላሸከመውም።

ነገሩ የታሪክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «አንገረብ ግድብ በደለል የሚሞላው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ለጂኦግራፊ ግሩም ነው። ግድቡ ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚያቀርብ ነው፤ ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ልጁ ስለሆነ ጉዳዩ ያገባዋል። «ደን ስለተመነጠረ» ብሎ በቃሉ ይመልሳል። እሺ፣ ምን አየህ? በክረምት ወንዙ ምን ይመስላል፣ ከላይ ያለው ተዳፋት ታርሷል ወይ፣ እዚያ የኖሩ ሽማግሌዎች ድሮ ምን ነበር ይላሉ? ቁጥርም ላይ እንዲሁ። ተማሪ «የጎንደር ሕዝብ 207,044 ነው» ብሎ ቢጽፍ ቁጥሩን ከሜዳ አላመጣውም፣ ግን የ2007ቱ ቆጠራ ነው። ከዚያ በኋላ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም። ስለዚህ «በቆጠራው ጊዜ» ማለት አለበት፤ ዛሬ ስላለው የቤት ችግር ለመከራከር ያ ቁጥር ብቻውን አይበቃውም።

«አፄ ቴዎድሮስ ታላቅ ንጉሥ ነበሩ» ዓይነቱ ደግሞ ለብቻው ነው። ዘመነ መሳፍንትን ዘግተው አገር አንድ ለማድረግ መነሳታቸው ማስረጃ አለው፣ በ1866 ጎንደርን ማቃጠላቸውም ማስረጃ አለው። ሁለት ልጆች እነዚህን ይዘው ሙሉ ቀን ሊጨቃጨቁ ይችላሉ፤ ምክንያቱም የሚለያዩት ማስረጃው ላይ አይደለም፣ «ታላቅ» የሚባለው ምን ያደረገ ንጉሥ ነው በሚለው ላይ ነው። መጀመሪያ መመዘኛቸውን ይናገሩ፣ ከዚያ ማስረጃቸውን ያምጡ። ይህን ሳያደርጉ ክርክር ማስጀመር ጠብ ማስጀመር ነው።

እንግዲህ መምህራን የምትሉኝን አውቃለሁ። ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ፎቶ ኮፒ የለም፣ ደወሉ ቶሎ ይደወላል፣ መጽሐፉ አላለቀም። እውነት ነው። ለዚህ ነው ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ የሚፈልግ ምሳሌ የሰጠሁት። በየሳምንቱ አታድርጉት፤ በአንድ ምዕራፍ አንድ ጥያቄ ይበቃል። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡት አንድ ቡድን ይሁኑ። መጀመሪያ ለጀማሪ ዓረፍተ ነገር አውሱ፦ «እኔ የምለው…»፣ «ይህን ያልኩት … ስለሚያሳይ ነው»፣ «ይህ ማስረጃ … አያሳይም»፣ «የሚቃወመኝ ሰው … ይል ይሆናል»። አራተኛዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታመጧት ይጠሏታል። ለተቃዋሚ ጥይት ማቀበል ይመስላቸዋል። ታገሡ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሚሆን ልጆቹ ክርክሩን መጀመሪያ በአማርኛ ቢያደርጉት እመክራለሁ፤ ሐሳቡ ሳይያዝ ቋንቋው ላይ መታገል ሁለቱንም ያሳጣል።

ሌላው ሁሉ ቢቀር እርማቱን ቀይሩ፣ ተማሪ ነጥብ ወዳለበት ነው የሚሄደው። ከአሥር የምታርሙ ከሆነ ሁለቱን ለአቋሙ፣ ሦስቱን ለማስረጃው፣ አምስቱን ለማያያዣው ስጡ። መጀመሪያ ላይ ገጽ ሙሉ ዓመተ ምሕረት የደረደረ ጎበዝ ተማሪ አምስት አግኝቶ ሊያኮርፍ ይችላል። ቁጭ አድርጋችሁ ከማስረጃዎቹ አንዱን ምረጡና «ይሄ ምን ያሳያል?» በሉት፤ የሚመልሰውን እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፈው፣ የጎደለውን ነጥብ ጨምሩለት። ከእናንተ አቋም የተለየ አቋም ይዞ በደንብ ያያያዘ ልጅ ሙሉውን ያግኝ። ጽሑፉን አጋምሶ ማስረጃው ሌላ ወገን እንደሚደግፍ ሲያይ አቋሙን ሰርዞ የጻፈውም አንድ ነጥብ አይቀነስበት፤ ስርዙን አልፋችሁ ለምን እንደሰረዘ የጻፈውን አርሙለት።